ስለ ስፒከር መንጣጣትና ስለ ጎረቤት ምጣድ

በዚህ ጽሑፍ ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ለማስረዳት ያሰብሁት፣ በቤታችን ከኢንተርኔት ወይም ከኮምፒዩተር ሙዚቃ ስናደምጥ በመካከል «ጧ!» እያለ ጆሮ ስለሚመታው ድምፅ ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ እኔ ምክንያቱን ሳልመረምር ፈርጄ ጎረቤት አስቸግሬበታለሁና፣ ሌላው እንደ እኔ እንዳይሳሳት ያየሁትን እጽፋለሁ።

ቤታችን ካዛንቺስ ነበር። (ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣልያኖች ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ካሠሯቸው ቤቶች፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ብዙው ክፍሉ ፈርሷል።) በግቢያችን ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ እንጠቀም ነበር። እኔ ከሟቹ አጎቴ የወረስሁት አሮጌ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ነበረኝ። ከላፕቶፑ ጋራ የሚያገናኛቸው ዳክ የሚባለው፣ ቁጥሩን ወደ ኮረንቲ ሞገድ የሚለውጠው ትንሽ ሣጥን ነው። መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሁሉንም በስታቢላይዘር ላይ ሰክቼ ነበር።

መንጣጣቱ ሲበዛብኝ አስቀድሜ የወቀስሁት ኔትወርኩን ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ እናደርጋለን፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው። ለምን ቢሉ፣ ሙዚቃው ከሩቅ ሲመጣ በጥቅል በጥቅል ተከፋፍሎ ይላካል፤ ከጥቅሎቹ አንዱ በመንገድ ቢጠፋ እንደገና ይላካል። ማጫወቻውም የብዙ ሰከንድ ሙዚቃ አስቀድሞ ያጠራቅማል። ስለዚህ ኔትወርክ ሲደክም ሙዚቃው ቀጥ ብሎ ዝም ይላል እንጂ አይንጣጣም። ይህን ለማረጋገጥ ዘፈኑን ላፕቶፑ ላይ አውርዶ፣ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማጫወት ይበቃል። እኔም ይህን አደረግሁ፤ መንጣጣቱ አልቀረም። (በብሉቱዝ የሚያደምጥ ሰው ግን ነገሩ ይለይበታል። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራዲዮ ስለሆነ፣ በዚያው ሞገድ የሚሠሩ የጎረቤት ዋይፋዮች ሲበዙ ድምፁ ይቆራረጣል። በሽቦ ቢያገናኘው ይገላገላል።)

ቀጥሎ የከሰስሁት የጎረቤታችንን የእትዬን የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንጀራ ሲጋግሩ ጧ ባዩ ድምፅ ሲበዛ አይቻለሁና። እናቴ ነገሩን አለዝባ፣ «እትዬ፣ ልጁ ለትምህርቱ የሚያደምጠው ነገር ነበረው፤ መጋገሪያዎን ወደ ሌላ ሰዓት ቢያደርጉልን» አለቻቸው። «ለትምህርት ከሆነማ ምን ገዶኝ» አሉና ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሡ ይጋግሩ ጀመር። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን መንጣጣቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ወረቀትና እርሳስ ይዤ የተቀመጥሁት ያን ጊዜ ነው፤ አፍሬ።

እያንዳንዱ ድምፅ በስንት ሰዓት፣ በዘፈኑ የትኛው ቦታ ላይ፣ ምን ሲሠራ እንደ መጣ መጻፍ ያዝሁ። በሁለት ቀን ውስጥ አንድ የመሰለኝ ድምፅ ሦስት ሆኖ ተገኘ።

አንደኛው ከኮረንቲ የሚመጣው ነው። ምጣድ 3 ኪሎዋት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲታሰብ 14 አምፔር ገደማ ነው። በስድስት ቤት መካከል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህ ሲሳብ ቮልቱ ይወርዳል። ስታቢላይዘሩ መውረዱን ሲያውቅ በውስጡ ያለው ሪሌ ከአንዱ የጥቅል ሽቦ ጫፍ ወደ ሌላው ይዘላል፤ በዚያ ቅጽበት ኮረንቲው ተቋርጦ ይቀጠላል፣ ብልጭታም ይኖራል። ጆሮዬን ሣጥኑ ላይ ብጥል «ጠቅ» ሲል ወዲያው ስፒከሩ «ጧ» ይላል። እንግዲህ ድምፁን የሚፈጥረው ለጥበቃ ብዬ የገዛሁት የራሴው ሣጥን ነበር ማለት ነው! ላፕቶፑን በባትሪ አድርጌ፣ የድምፁን ሽቦ ከስታቢላይዘሩ ባርቀው በጣም ቀነሰ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። በሪሌ ፈንታ በሞተር የሚሠራ ስታቢላይዘር እንዲህ አይዘልም፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ኪስ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቻርጀሩ ሲሰካ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ መጥቶ ሲነቀል የሚጠፋ ከሆነ፣ የምድር ሽቦው በሁለት መንገድ ዞሮ ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማስቀረት የሶኬቱን የምድር ሽቦ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ያ ሽቦ የተሠራው ሰው እንዳይሞት ነው፤ አይነካ።

ሁለተኛው፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው፣ ከቋቱ ባዶ መሆን የሚመጣው ነው። በሲዲ ደረጃ የተቀዳ ሙዚቃ በየሰከንዱ 44,100 ናሙና አለው። ፕሮሰሰሩ እነዚህን ቁጥሮች አንድ በአንድ አያቀብልም፤ ባፈር በሚባለው ቋት ውስጥ ይጨምራል፣ ዳኩም ሳያቋርጥ ከዚያ ይቀዳል። ነገሩ እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ እህል ጨማሪው ወሬ ሲይዝ ድንጋዩ አይጠብቀውም። ቋቱ ባዶ ሲሆን፣ በ20,000 ከፍታ ላይ የነበረው ሞገድ በአንድ ጊዜ ዜሮ ላይ ይወድቃል፤ የስፒከሩ ወረቀትም አብሮ ይዘላል። «ጧ» የሚለው ይህ ዝላይ ነው።

እኔ «ትንሽ ቋት ድምፁን ያጠራል» የሚል ምክር ሰምቼ ቋቱን 256 ናሙና አድርጌው ነበር። 256 ለ44,100 ሲካፈል 5.8 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ያችን ታህል ቢዘገይ አለቀ። ምክሩ መሠረት የለውም። ቋቱን 2,048 ሳደርገው ጊዜው 46 ሚሊሰከንድ ሆነ፤ መንጣጣቱም በዚያው ምሽት ቆመ። ኪቦርድ እየተጫወተ ራሱን ለሚያደምጥ ሰው ይህ መዘግየት ይከብዳል፤ ለእንደ እኛ ያለ አድማጭ ግን ምንም አይደለም። ቋቱን አሳድጎ ያልተሻለው ሰው የላፕቶፑን ኃይል ቆጣቢ አሠራር ያጥፋ፣ ዳኩንም ያለ ማከፋፈያ በቀጥታ ይሰካ። የወረደ ዘፈን ሲጫወት ዋይፋዩን በማጥፋት ብቻ መንጣጣቱ ከቀረ፣ ፕሮሰሰሩን የሚያዘገየው የዋይፋዩ ሶፍትዌር ሳይሆን አይቀርምና ያን ማደስ ነው።

ለእትዬ ነገሩን ሄጄ ነገርኋቸው። ሳቁና፣ «እኔስ የሌሊቱን ጸጥታ ለምጄው ነበር» አሉኝ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን በቀኑ ጋገሩ።

ሦስተኛው ድምፅ የመሣሪያው ጥፋት አልነበረም። አጎቴ ከሸክላ ያስገለበጡት አንድ ዘፈን ነበር፤ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ካቋቋሙ በኋላ ከነበሩት ዓመታት የወጣ ነው። ይህ ዘፈን ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ላይ «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» ይላል። በሰዓት ብለካው በየ1.33 ሰከንዱ ሆነ። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ሸክላ አንዱን ዙር የሚፈጽመው በ1.33 ሰከንድ ነው፤ እንግዲህ በሸክላው ላይ ያለ ጭረት መርፌውን በየዙሩ ይመታው ነበር ማለት ነው። በትልቁ፣ በደቂቃ 33 ከሢሶ በሚዞረው ሸክላ ቢሆን ኖሮ 1.8 ሰከንድ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለውን ድምፅ ቋት ማሳደግም ሽቦ መለወጥም አያጠፋውም።

ጭረትን የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ፤ ሞክሬዋለሁ። ጭረቱን ሲያነሣ የድራሙን ምትና የትራምፔቱን አነሣሥ አብሮ አደበዘዘብኝ፤ ሁለቱም በድንገት የሚነሡ ድምፆች ናቸውና ፕሮግራሙ ከጭረት አይለያቸውም። ደግነቱ የሠራሁት በቅጂ ላይ ነበር። ዋናውን ፋይል ሳልነካ በሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ፤ ሸክላው ራሱ ከካዛንቺስ ዕቃ ስናወጣ ተሰንጥቋል።