ሰላጣና ጎመን በደጃፋችን



ይህ እትም እጃችሁ የሚገባው ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባበት ወቅት ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች በዚህ ጊዜ ውኃም ሆነ ልምላሜ የሚጎድል አይመስለንም። ነገር ግን ጥቂት ወራት አልፈው ዐቢይ ጾም ሲገባ ምድሩ ይደርቃል፤ ጎመንና ቆስጣ በብዛት የሚያስፈልጉንም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን፣ የራሱ መሬት የሌለው በኪራይ ቤት የሚኖር ቤተሰብ እንኳ ቅጠላ ቅጠልን በዕቃ ውስጥ እንዴት ሊያለማ እንደሚችል እንመለከታለን። ተከራይ ቤት ሲለቅ መሬት ይዞ አይሄድም፤ ጀሪካኑን ግን ይዞ ይሄዳል።

1. ስለ ምን በቤታችን እናለማለን?

አንደኛው ምክንያት ጤና ነው። ጎመንና ቆስጣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር በብዛት ይሰጣሉ። የዚህ ቫይታሚን እጥረት ሕፃናትን ለዳፍንት ይዳርጋል። ጎመን ጥቂት ዘይት ገብቶበት ሲሠራ ይህ ጥቅሙ ይጨምራል።

ሁለተኛው ምክንያት ንጽሕና ነው፤ የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው። ጎመን በእሳት ያልፋል፤ ሰላጣ ግን በጥሬው ይበላል። በተበከለ ውኃ የበቀለ ሰላጣ አሜባን፣ ታይፎይድንና ወስፋትን ወደ ማዕዳችን ሊያመጣ ይችላል። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ሎሚና ኮምጣጤ ለጣዕም ይጠቅማሉ እንጂ ይህን ሁሉ ያጠፋሉ ብለን አንታመንባቸው። ከገበያ የገዛነው ሰላጣ ምን ዓይነት ውኃ እንደ ጠጣ አናውቅም፤ በደጃፋችን ያበቀልነውን ግን እኛው እናውቀዋለን።

2. ዕቃውና አፈሩ

የዘይት ጀሪካን፣ የተሰነጠቀ ባልዲና አሮጌ ሳፋ ሁሉ ያገለግላሉ። የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ቀለም የነበረበት ዕቃ ግን ቢታጠብም ለምግብ ተክል አይሆንም። የ20 ሊትር ጀሪካን በጎኑ አጋድመን የላይኛውን ገጽ ብንቆርጠው አራት እግር ሰላጣ ወይም ሁለት እግር ቆስጣ ይይዛል። ለሰላጣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይበቃዋል፤ ሐበሻ ጎመን ግን ሥሩ ወደ ታች ስለሚሄድ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢያገኝ ይመረጣል። ከሥር ውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎች መብሳት ፈጽሞ አይረሳ። ዕቃውንም ዶሮ እንዳይደርስበት በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገን እናስቀምጠው።

አፈሩን ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርገን እናደባልቃለን። እኛ በመጀመሪያው ሙከራችን ቸኩለን እርጥብ ፍግ ጨመርንበትና ችግኞቹ በሳምንት ውስጥ ተቃጥለው አለቁ። ጉዳቱ የችግኝ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ እርጥብ ፍግ በጥሬው ለሚበላ ቅጠል የበሽታ ምንጭም ነው። ስለዚህ ቢያንስ ለአራት ወራት ተከምሮ የበሰበሰና ሽታው የጠፋ መሆን ይገባዋል።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የጣና ሐይቅ ፈተና የሆነውን እምቦጭንም ለማዳበሪያ ብሎ በዘፈቀደ ወደ ቤት ማምጣት አይገባም። ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ቁራጩም ውኃ ባገኘበት ሁሉ ይራባል።

3. አዘራሩና እንክብካቤው

የሰላጣ ዘር ብርሃን ይፈልጋልና በጣም በስስ አፈር ብቻ ይሸፈን። ችግኙ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ አራርቀን እንተክለዋለን። ሰላጣ ሙቀት ሲበረታበት ቶሎ ያብባል፤ ቅጠሉም ይመርራል። ስለዚህ ዋናው ዘር ከመስከረም እስከ ኅዳር ቢዘራ መልካም ነው። ከየካቲት በኋላ የሚዘራ ሰው የቀትር ፀሐይን በሰሌን ወይም በሣር ጥላ ይከልክል። ቆስጣና ጎመን ሙቀቱን ከሰላጣ ይልቅ ይችላሉ።

ውኃ ማጠጣት በማለዳ፣ ከሥሩ ይሁን። ለሰላጣ የቧንቧ ወይም ንጹሕ የዝናብ ውኃ እንጠቀም፤ ጎርፍ የከተማውን ጉድፍ ይዞ ከሚገባበት ከሐይቁ ዳር ግን አንቅዳ። ምስር የታጠበበት ውኃ ሳሙና ካልነካው ለጎመን ይሆናል። ክሽክሽ በጎመኑ ላይ ሲታይ በውኃ አጥቦ ማራገፍ ይገባል እንጂ መርዝ ወደ መርጨት አንቸኩል።

4. አቆራረጡ

ነቅሎ መውሰድ አንድ ቀን ያበላል፤ ከዳር ከዳሩ መቅጠፍ ግን ለሳምንታት ያበላል። መካከሉን ለጋ ቅጠል ትተን የውጭዎቹን ብቻ እንቅጠፍ። ቅጠል ሰላጣ ከተዘራ ከ45 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል። ከመብላታችን በፊት እጃችንን በሳሙና፣ ቅጠሉንም አንድ በአንድ በንጹሕ ውኃ እንጠብ።

ለካቴኪስቶች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ከማስተማር ይልቅ በቁምስናው ግቢ አንድ ጀሪካን ከተማሪዎቻችሁ ጋር ብትዘሩ ይሻላል። ሕፃናት የራሳቸውን ተክል በተራ ቢያጠጡ ትጋትን ይማሩበታል። ከዚያም በሚከተሉት ጥያቄዎች ተወያዩ፦

ሀ. በቤታችን የምንበላው ሰላጣ ከየት ይመጣል? ምንስ ውኃ ይጠጣል?
ለ. በግቢያችን ተጥሎ ያለ፣ ለተክል የሚሆን ዕቃ ምን አለ?
ሐ. ማጠጣት የማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ጎረቤቶቻችንን እንዴት ልንረዳ እንችላለን?

መጽሔታችን በየሦስት ወሩ የምትወጣ ናት፤ ለሰላጣም ይህ ጊዜ ይበቃዋል። ዛሬ የተዘራው ዘር የሚቀጥለው እትም ከመድረሱ በፊት ከማዕዳችሁ ይቀርባል። የዘራችሁትንና ያገኛችሁትን፣ የጠፋባችሁንም ጭምር ብትጽፉልን ለሌሎች ትምህርት እናደርገዋለን።