በፎቶው ቀኝ በኩል የሚመጣው ጥቁረት

ጥያቄ፦ አባቴ ሶቭየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ዜኒት-ኢ ካሜራ አለን። ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰሞኑን ባለ 400 ፊልም አስገብቼ አነሳሁበት። ታጥቦ ሲመጣ ጥላ ውስጥ ያነሳኋቸው ደህና ናቸው፤ ፀሐይ ላይ ያነሳኋቸው ግን ቀኝ ጎናቸው እየጠቆረ ሄዶ ጠርዙ ላይ ጭራሽ ምንም አይታይም። ፎቶ ቤቱ ፊልሙ ያረጀ ነው አለኝ። ጎረቤታችን ደግሞ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጊበት ይለኛል። ምን ይሻላል?
የአባቷ ልጅ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አደራ፣ ዘይት እንዳያስጠጉት! ወደ ውስጥ የገባ ዘይት እየተሰራጨ ፊልሙን የሚሸፍነው መጋረጃ ጋ ይደርሳል፤ መጋረጃው ጎማ የተቀባ ጨርቅ ስለሆነ አንዴ ዘይት ከጠጣ መቀየር እንጂ ማዳን የለም።

ፊልሙም አይደለም። ያረጀ ፊልም ሁሉንም ፎቶ ያደበዝዛል እንጂ እየመረጠ አንድ ጎን አያጠቁርም። የተበላሹት ፀሐይ ላይ የተነሱት ብቻ መሆናቸውን መጻፍዎ ትልቅ ነገር ነው። በባለ 400 ፊልም ፀሐይ ላይ ያነሳ ሰው ፍጥነቱን 1/250 ወይም 1/500 ላይ ሳያደርግ አይቀርም፤ ችግሩ ያለውም እዚያው ነው።

ዜኒት-ኢ ሞስኮ አጠገብ ባለችው ክራስኖጎርስክ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የተሠራ፣ ባትሪ የማይፈልግ ካሜራ ነው። ፊልሙ ፊት ሁለት ጥቁር መጋረጃዎች አሉት። ቁልፉን ሲጫኑ መስታወቱ ይነሳል፣ የመጀመሪያው መጋረጃ ሮጦ ፊልሙን ይገልጣል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይሸፍናል። በ1/30 ሁለተኛው የሚነሳው ፊልሙ በሙሉ ከተገለጠ በኋላ ነው። በ1/500 ግን ወዲያው ይከተላል፤ ብርሃን የሚገባው በሁለቱ መካከል በሚቀረው ቀጭን ክፍተት ብቻ ነው። እንግዲህ የፊተኛው ቅባቱ ደርቆ ከተንቀረፈፈ የኋለኛው ይደርስበታል፣ ክፍተቱ እየጠበበ ሄዶ ዳር ሳይደርስ ይዘጋል። ከጀርባ ሲታይ መጋረጃው ሩጫውን የሚጨርሰው በግራ ነው፤ ሌንስ ምስሉን ስለሚገለብጥ በፎቶው ላይ ቀኝ ሆኖ ይወጣል። ጥቁረቱ ከታች ቢሆን ኖሮ የምጠረጥረው መስታወቱን ነበር። በፍላሽ ተነስቶ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ቢሆን ደግሞ ምክንያቱ ከ1/30 በላይ ማንሳት ይሆን ነበር፤ ይህ ካሜራ ከዚያ በላይ ከፍላሽ ጋር አይሄድም።

ራስዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ፊልም ሳይኖርበት ሌንሱን ይፍቱና ጀርባውን ይክፈቱ። የፊቱን በኩል ወደ ብሩህ ሰማይ ያዙሩት፣ ወደ ፀሐይዋ ግን አይሁን። 1/500 ላይ አድርገው ሲተኩሱ ሌላ ሰው ከጀርባ በስልክ ስሎው ሞሽን ይቅረጽ። የብርሃኑ መስመር ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ሲሄድ እየቀጠነ ከጠፋ ነገሩ አለቀ። መጋረጃውን በጣት አይንኩት። ብርድ ቅባቱን ይበልጥ ስለሚያጠነክረው ጠዋት ላይ ቢብስ አይግረምዎት።

ለዓመታት የተቀመጠ ካሜራ አንዳንዴ በሥራ ብቻ ይፍታታል። ያለ ፊልም በሁሉም ፍጥነት ደጋግመው እየወጠሩ ይልቀቁትና እንደገና ይቅረጹት። ካልተሻለው ለጠጋኝ መስጠት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጠንከር ብለው ይናገሩ። ከታችኛው ክዳን ሥር የመጋረጃዎቹን ሞላ የሚያጠብቁ ብሎኖች አሉ። የቸኮለ ጠጋኝ እነሱን ጠምዞ «ተሠራ» ይላል። ለጊዜው ይሠራልም። ነገር ግን የደረቀው ቅባት እዚያው ስላለ መጋረጃውን የሚጎትቱት ጥብጣቦች ያለ አቅማቸው ይለፋሉ፣ በመጨረሻም ይበጠሳሉ። መጀመሪያ አሮጌው ቅባት ይጠረግ፣ መዞሪያዎቹ ላይ በመርፌ ጫፍ የሰዓት ዘይት ይነካ፤ ሞላው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም በጥቂት በጥቂቱ። የካሜራ ጠጋኝ ቢያጡ እጁ የጠና ሰዓት ሠሪ ይህን ሥራ አያቅተውም።

እስከዚያው ካሜራውን መተው የለብዎትም። ባለ 100 ፊልም ይግዙ፤ በጠራ ፀሐይ 1/125 ላይ አድርገው የሌንሱን ቀለበት 16 ላይ ያዙሩት። ጥላ ውስጥ ያነሷቸው ደህና ስለወጡ ዝግተኞቹ ፍጥነቶች ይሠራሉ ማለት ነው፤ 1/125 ግን ከመሐል ያለ ስለሆነ አስቀድመው በስልኩ ይዩት። ሲያስቀምጡትም ሳይወጥሩ ያስቀምጡት፤ ለወራት ተወጥሮ የቆየ ሞላ ይደክማል።