እናቴን ሆስፒስ ባስገባት ተስፋ ቆረጥኩባት ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እማዬ 81 ዓመቷ ነው፤ የልብ ድካም አለባት። ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች። አሁን ሐኪሟ «ሆስፒስ አስቡበት» አለን። ዳላስ ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ «እናቴን በቁሟ ልትቀብሪያት ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ ምንም እንዳይነገራት ይላሉ። እኔ ቀን ሥራ እውላለሁ፣ ሌሊት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ። ሜዲኬር አላት። የት ነው የሚወስዷት? መድኃኒቷስ ይቋረጣል? በሞርፊን ያስተኟታል የሚባለውስ እውነት ነው?
ደክሞኛል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ እናትዎን የትም አይወስዷቸውም። ሆስፒስ ማለት በሕይወት መጨረሻ የሚሰጥ የማስታገሻ እንክብካቤ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው የሚሰጠው በሽተኛው በሚኖርበት ቤት ነው፤ ሜዲኬርም ከ1983 ጀምሮ ይከፍልበታል። ሁለት ሐኪሞች «ሕመሙ በያዘው መንገድ ከቀጠለ ዕድሜያቸው ከ6 ወር አይበልጥም» ብለው መፈረም አለባቸው። ይህ ግምት እንጂ ቀጠሮ አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ለ90 ለ90 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየ60 ቀኑ ሁኔታቸው እየታየ ይታደሳል፤ የመታደሱ ብዛት ገደብ የለውም። ሐሳባቸውን ከቀየሩም በፈለጉት ቀን ፈርመው ወጥተው ወደ መደበኛ ሕክምናቸው መመለስ ይችላሉ።

የሚቆመው በሽታውን ለማዳን ተብሎ የሚሰጠው ሕክምና ነው። በልብ ድካም ግን ውኃውን የሚያሸናው ክኒን እግር እንዳያብጥና ትንፋሽ እንዳያጥር የሚያደርግ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ይቀጥላል። ከመፈረማችሁ በፊት የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ይዛችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። «ልባቸው ቢቆም አትቀስቅሱ» የሚለውን ወረቀት ካልፈረማችሁ አንቀበልም ማለትም አይችሉም።

ስለ ሞርፊን የሚወራው ብዙ ሰው ያስፈራል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ጋደም ሲል አየር ያጥረዋል፤ እናትዎም ትራስ ደራርበው ቁጭ እንዳሉ የሚያነጉ ይመስለኛል። ሆስፒሱ አነስተኛ የመድኃኒት ሣጥን ቤት ያስቀምጣል፤ ከውስጡ አንዱ ፈሳሽ ሞርፊን ነው፤ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጉንጫቸው ውስጥ ጠብ ይደረጋል። በነርሷ ትእዛዝ በትንሽ መጠን ሲሰጥ ያንን የመታፈን ስሜት ያቀለዋል፤ ሞትን ለማፋጠን የሚሰጥ አይደለም። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊላቸው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ይለቃቸዋል። የማይለቀው የሆድ ድርቀት ነው፤ ስለዚህ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። ለድርቀቱ ብለው ተልባ እንዳያበዙባቸው። በቂ ፈሳሽ ካልተጠጣበት ድርቀቱን ያባብሳል፤ የልብ ሕመምተኛ ደግሞ ፈሳሽ ይመጠንለታል።

አልጋው፣ ኦክስጅኑ፣ ዊልቸሩ፣ ዳይፐሩ ቤት ድረስ ይመጣል። ለሕመሙ የሚታዘዘው እያንዳንዱ መድኃኒት ቢበዛ 5 ዶላር ያስከፍላችኋል። ነርስ፣ ገላ የምታጥብ ረዳት፣ ሶሻል ወርከርና የሃይማኖት አገልጋይ ይመደባሉ፤ የንስሐ አባታቸውም እንደ ልማዳቸው እየመጡ ያቆርቧቸዋል፣ ስለ ጾሙም ይፈቱላቸዋል። አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላቸው፤ እርስዎ ልጅም አስተርጓሚም መሆን የለብዎትም።

ቤተሰብ የሚሰበረው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ነርሷ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቅ ትላለች፤ ረዳቷ ለአንድ ሰዓት ያህል ሠርታ ትሄዳለች። ስልኩ 24 ሰዓት ይሠራል፤ አጠገባቸው ቀንና ሌሊት የሚቀመጥ ሰው ግን ሆስፒስ አይመድብም። ሆም ሄልዝ የሚባለው የቤት ለቤት ሕክምናም ይህን አይሠራም፤ የአሲስትድ ሊቪንግ ኪራይንም ሜዲኬር አይከፍልም። በጣም ሲደክምዎ ሆስፒሱ እናትዎን እስከ 5 ተከታታይ ቀን ተቋም ውስጥ ተቀብሎ ያሳርፍዎታል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ የሜሪላንድ ሜዲኬይድ ቤት ለሚመጣ ረዳት የሚከፍልባቸው ፕሮግራሞች አሉት፤ ሜሪላንድ አክሰስ ፖይንት ወደሚባለው ቢሮ ደውለው ይጠይቁ። በቅርብ ጊዜ በግሪን ካርድ ወላጅ ያመጣችሁ አንባቢዎችም ልብ በሉ፦ ሥራ ያልሠራ አረጋዊ ሜዲኬርን ለመግዛት እንኳ 5 ዓመት በተከታታይ እዚህ መኖር አለበት።

«አይነገራት» የሚሉትን እረዳቸዋለሁ፤ ግን ሆስፒስ ለመግባት የሚፈርሙት እናትዎ ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው የሚፈርመው አእምሯቸው መወሰን ሲያቅተው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ እኛ ግን በሽታውን የምንደብቀው ከራሱ ከታማሚው ነው። እንደ መርዶ ማፍረጥም አያስፈልግም። ጠዋት ቀለል ብሏቸው ሲነቁ «እማዬ፣ ሐኪሙ ስለ ሕመምሽ የሚለውን አንቺ ትሰሚዋለሽ ወይስ ለእኔ ይንገረኝ?» ይበሏቸው። «ለአንቺ ይንገርሽ» ካሉ ሕጉም ይፈቅዳል፤ ውክልናውን በሁለት ምስክር ፊት በጽሑፍ ይስጡዎት። ብዙ እናቶች ግን ከልጆቻቸው ቀድመው አውቀውታል።

ሆስፒስ ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሌሊት ብንደውል ነርስ ትመጣለች ወይስ በስልክ ብቻ ነው? ረዳቷ በሳምንት ስንት ቀን ትመጣለች? አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ አላችሁ? ከገቡ በኋላ ደግሞ የሆስፒሱን ቁጥር ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት፤ ሲጨንቃችሁ መጀመሪያ የሚደወለው እሱ ነው። ሕይወታቸው ሲያልፍ 911 ከተጠራና ሜሪላንድ ሞልስት ብላ በምታወጣው የሐኪም ትእዛዝ ቅጽ ላይ የሰፈረ «አትቀስቅሱ» የሚል ትእዛዝ ቤት ከሌለ፣ የሚመጡት ሰዎች ደረታቸውን መጫን ይጀምራሉ።

የዳላሱ ወንድምዎ እናቱን መውደዱን አልጠራጠርም። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት አንድ ዓመት የሠራና በዚያ ዓመት 1,250 ሰዓት የሞላ ሰው፣ ወላጁን ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወጥቶ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። በስልክ ከሚጮህ ይህን ፈቃድ ጠይቆ ይምጣና ሌሊቱን እሱ ይያዝ፤ እርስዎም ይተኙ።