ፕሮፔለር ያለው ሁሉ አሮጌ ነው?

ጥያቄ፦ የጦር አውሮፕላን ሲባል እኔ የማውቀው ጄት ነው። አሁንም በፕሮፔለር የሚበር አለ ይባላል። ኋላ ቀርነት አይደለም? (ከሰቆጣ)

መልስ፦ አይደለም፤ ፕሮፔለሩን አይተው ሞተሩን አይናቁት። ተርቦፕሮፕ ውስጡ ያው የጄት ተርባይን ነው፤ ጉልበቱ ግን በማርሽ ሳጥን አልፎ ፕሮፔለር ያዞራል። የአየር ኃይላችን ማሠልጠኛ የሆነው ጀርመን ሠራሹ ግሮብ 120 ቲፒ እንዲህ ነው፤ 456 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ አምስት ክንፍ ፕሮፔለር፣ አስተማሪና ተማሪ ጎን ለጎን።

የእርስዎው አገር ነገሩን ያስረዳል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ይብሳል። ተራ የፒስተን ሞተር እዚያ ይደክማል። የተርባይንም ጉልበት ይቀንሳል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ተርባይኖች ማርሹ ከሚሸከመው በላይ ጉልበት ስላላቸው ቆላ ላይ ተገትተው ይሠራሉ፤ ደጋ ላይ ያ ትርፍ ይወጣል።

ለውጊያስ? ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 የተረከበቻቸው 12 ሱፐር ቱካኖ የተባሉ ተርቦፕሮፕ የጦር አውሮፕላኖች 1,600 የፈረስ ጉልበትና ክንፋቸው ውስጥ ሁለት 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ አላቸው። በትንሽ ነዳጅ ለሰዓታት ያንዣብባሉ። ሚሳይል ባለው ጠላት ፊት ግን ዝግታቸው ዕዳ ነው።

እንዲህ ያለ ቀላል ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ማስታጠቅ ደግሞ አዲስ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ያደራጀው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1969 ከናይጄሪያ ለመገንጠል ትዋጋ ለነበረችው ቢያፍራ ወግኖ፣ ሮኬት በታጠቁ ትንንሽ ኤም.ኤፍ.አይ-9 አውሮፕላኖች የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች መቷል። የእነዚያ ሞተር ግን ፒስተን ነበር።