የኔትወርክ ፈተና መለማመጃ፦ ገንዘቡ የት ይዋል?

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና ወይም ቤተል አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ የኔትወርክ ማሠልጠኛ ለመክፈት የሚያስብ ባለሀብት መጀመሪያ የሚታየው ዕቃው ነው። ያገለገሉ የሲስኮ ራውተሮችና ስዊቾች በመደርደሪያ ላይ ሆነው መብራታቸው ብልጭ ድርግም ሲል ተማሪ ይስባሉ። ካፒታል የሚያልቀውም እዚሁ ላይ ነው።

ሒሳቡ መጀመር ያለበት ከፈተናው ነው። ሲሲኤንኤ በመባል የሚታወቀው የሲስኮ ፈተና 120 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ዋጋው ታክስ ሳይጨመር 300 የአሜሪካ ዶላር ነው። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመደረጉ በፊት ይህ በባንክ ዋጋ 17 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ዶላሩ በ150 ብር ቢታሰብ ግን 45 ሺህ ብር ይሆናል። የወደቀ ተፈታኝ 5 ቀን ቆይቶ እንደገና መቀመጥ ይችላል፤ ክፍያው ግን እንደ አዲስ ነው። እንግዲህ መለማመጃው የሚመዘነው ሁለተኛውን 45 ሺህ ብር ማስቀረት በመቻሉ ነው።

ሦስት ራውተርና ሁለት ስዊች ያለው መደርደሪያ በአንድ ጊዜ በቅጡ የሚያለማምደው ሁለት ሰው ቢሆን ነው። አሥራ ሁለት ተማሪ ከተመዘገበ አሥሩ ተመልካች ይሆናል፤ ለማየት ደግሞ ማንም አይከፍልም። ዕቃው ይጮሃል፣ ይሞቃል፣ መብራት ይበላል፤ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አብሮ ይቆማል። ከዚህም በላይ እንደ 1841 እና 2811 ያሉት የቆዩ ራውተሮች ለመሠረታዊ ትምህርት ቢበቁም፣ የዛሬው ፈተና ለሚጠይቀው የአውቶሜሽን ክፍል አይሆኑም። ይህ ክፍል ከፈተናው 10 በመቶውን ይይዛል።

ፓኬት ትሬሰር የተባለው የሲስኮ ማስመሰያ ሶፍትዌር በአንጻሩ በነፃ ይገኛል። 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒዩተር ይሠራል፤ ላፕቶፕ ላይ ከተጫነም መብራት ቢሄድ ባትሪው እስኪያልቅ ልምምዱ አይቋረጥም። ጉድለቱ እውነተኛው መሣሪያ የሚቀበላቸውን ትእዛዞች ሁሉ አለመቀበሉ ነው። ይሁን እንጂ ከፈተናው ትልቁን ድርሻ፣ ማለትም 25 በመቶውን ለያዘው የአይፒ ግንኙነት ክፍል፣ እንዲሁም ለስዊች ሥራ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

ጂኤንኤስ 3 የሚባለውም ነፃ ነው፤ ሆኖም የራውተሩን ሶፍትዌር ተጠቃሚው ራሱ ማምጣት አለበት፣ እሱም የፈቃድ ጉዳይ አለው። ያለ ፈቃድ ተቀድቶ የመጣ ሶፍትዌር ላይ ድርጅት ማቆም አያዋጣም። ሲኤምኤል የተባለው የሲስኮ ላቦራቶሪ ሶፍትዌሩን ከነፈቃዱ ይዞ ይመጣል። የግለሰብ ዓይነቱ በዓመት 199 ዶላር ተከፍሎበት እስከ 20 መሣሪያ ያስኬዳል፤ በ5 መሣሪያ የተወሰነ ነፃ ዓይነትም አለው። ጠንካራ ኮምፒዩተር ስለሚፈልግ ለክፍሉ ሁሉ ከመግዛት ለአስተማሪው አንድ መያዝ ይሻላል።

ታዲያ እውነተኛ ዕቃ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ገመድ መጠቅጠቅ፣ በኮንሶል ገመድ መግባት፣ የተረሳ የይለፍ ቃል መመለስ በእጅ ካልተነካ አይለመድም። ለዚህ ግን አንድ ራውተርና አንድ ስዊች ይበቃሉ። ቀሪው ገንዘብ ለኮምፒዩተር ቢውል ይሻላል።

በፍላሽ የሚዞረው “የፈተና መልስ”ም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ፈተናው ተፈታኙ ራሱ መሣሪያ የሚያስተካክልባቸው ጥያቄዎች ስለተጨመሩበት፣ መልስ ሸምድዶ የገባ ሰው እዚያ ላይ ይቆማል። በተጭበረበረ መንገድ ያለፈም ቢሆን ምስክር ወረቀቱን ሊነጠቅ ይችላል።

የራሱን ቴክኒሺያን ለማስፈተን ያሰበ ነጋዴ ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት ቀላል ሙከራ ማድረግ ይችላል። አንዱ ቅርንጫፍ አየር ጤና፣ ሌላው መርካቶ ያለ ሱቅ በፓኬት ትሬሰር እንዲያገናኝ ይጠይቀው፤ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተሮች ከሽያጩ ተለይተው እንዲጠበቁም ይዘዘው። ከዚያ አንዱን መስመር ይቁረጥበትና ችግሩን ፈልጎ እንዲያገኝ ይተወው። ማስታወሻ ሳይገልጥ ካገኘው ለፈተናው መመዝገብ ይቻላል፤ ካላገኘው ግን 45 ሺህ ብሩ ለሌላ ወር ባንክ ይቆይ።