ግፊት በሁለቱም ክንድ ይለካ

ፋርማሲ ጎራ ብሎ ግፊቱን የሚለካ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረጋው አንድ ክንዱን ነው። ሌላኛው ክንድ የተለየ ቁጥር ሊሰጥ እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነና ደጋግሞ ከታየ ደግሞ ችግሩ ያለው መሣሪያው ላይ ላይሆን ይችላል፤ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ በተጋደመው አጥንት በታች የሚያልፈው ደም ቅዳ ቧንቧ ጠቦ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሞች ሰብክላቪያን የሚሉት ይህ ቧንቧ ክንድን ይመግባል፤ ወደ አንጎል የኋላ ክፍል የሚወጣው ቧንቧም የሚነሳው ከእሱ ነው። በስብ ክምችት በብዛት የሚጠበው የግራው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ በግራ ክንዱ ከተለካ 125 እየተነበበለት ትክክለኛው የግፊቱ መጠን 160 ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል ማለት ነው።

አለካኩ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ተለኪው ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናም ሲጋራም አይቀምስም፤ ቡናው ተፈልቶ ከሆነ ልኬቱ ይቆያል። ሽንቱን ሸንቶ፣ ጀርባውን ወንበር ላይ አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ያርፋል። የሚጠመጠመው ጨርቅ በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ፣ ለክንዱ ውፍረት በሚመጥን መጠን ይታሰራል። የጠበበ ጨርቅ በወፍራም ክንድ ላይ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ከዚያ ቀኝ ይለካል፤ ቀጥሎ ግራ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ከግራ ይጀመራል። ይህ መደጋገም ለይስሙላ አይደለም፤ የመጀመሪያው ልኬት በመረበሽ ብቻ ከፍ ሊል ስለሚችል አንድ ጊዜ የታየ ልዩነት ብዙም አይታመንም። ለኩላሊት እጥበት የደም ሥር የተዘጋጀበት ክንድ ግን አይነካም። በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የብብት ዕጢዎች የወጡበት ክንድም ያለ ሐኪም ምክር አይለካም።

ቀጥሎ የላይኞቹ ቁጥሮች ይነጻጸራሉ። ከ10 በታች የሆነ ልዩነት የተለመደ ነው። 15ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በተለያየ ቀንም የተደገመ ልዩነት ለሐኪም መነገር አለበት። ያም ሆነ ይህ፣ ከፍ ያለውን ቁጥር የሰጠው ክንድ በሕክምና ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚለካው እሱ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። የሁለቱ እጅ አንጓ ትርታ በአንድ ጊዜ ይዳሰስ፤ አንደኛው ደከም ካለ ወይም ዘግይቶ ከመጣ ይህም ይመዘገባል። በተለይ ከ40 ዓመት በታች በሆነች ሴት ላይ ትርታ ከጠፋ ሐኪሙ ታካያሱ የተባለውን የትላልቅ ቧንቧዎች ብግነት ያስባል። ስሙ የተወሰደው በ1908 እ.ኤ.አ. የአንዲት ወጣት ሴትን የዓይን ደም ሥሮች ለውጥ ካቀረበው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ከሚኪቶ ታካያሱ ነው።

ልብስ ሲሰጣ ወይም ከባድ ዕቃ ሲነሳ ክንድ ቶሎ የሚዝል፣ ጣት የሚቀዘቅዝ ከሆነም ችላ አይባልም። ክንድ ሲሠራ ማዞር ከመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፦ የጠበበው ቧንቧ የጎደለውን ደም ወደ አንጎል ከሚወጣው ቅርንጫፍ ወደ ኋላ ይስባል። ከአንጎል ለክንድ ደም መስረቅ ነው፤ በሕክምናም «ስርቆት» ተብሎ ይጠራል።

የድካም ስሜትን አቅልሎ ማየት ምን እንደሚያስከትል የሂዩስተን አስትሮስ ቤዝቦል ተጫዋች ጄ. አር. ሪቻርድ ታሪክ ያሳያል። በ1980 እ.ኤ.አ. የሚወረውርበት ክንዱ እንደዛለበት ደጋግሞ ሲናገር ሰነፍ ነው ያሉት ነበሩ። ምርመራ የክንዱ ደም ቅዳ መዘጋቱን አሳየ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 30 እ.ኤ.አ. በልምምድ ላይ ሳለ ስትሮክ ጣለው፤ ወደ ዋናው ሊግ ጨዋታም አልተመለሰም። ቧንቧው ወደ ትከሻ በተጋደመው አጥንትና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ይጨመቅ ነበር። አንዳንድ ሰው ከአንገቱ ሥር ትርፍ የጎድን አጥንት ይዞ ይወለዳል፤ እሱም ተመሳሳይ ጫና ሊፈጥር ይችላል።

የግፊት መለኪያ የማያሳየው ጉዳይም አለ። ከመቶ ሰው በአንድ ገደማ ላይ የቀኙ ቧንቧ ከተለመደው ቦታ ሳይሆን ከግራው ቀጥሎ ይነሳና አብዛኛውን ጊዜ ከጉሮሮ ቱቦ ጀርባ ተሻግሮ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን አያውቁትም፤ ጥቂቶች ግን ደረቅ ምግብ መዋጥ ያስቸግራቸዋል።

ሐኪም ዘንድ ሲኬድ የሁሉም ልኬቶች ዝርዝር ይያዛል። ምርመራው ብዙውን ጊዜ በዶፕለር አልትራሳውንድ ይጀመራል፤ ካስፈለገ ሲቲ ስካን ይከተላል። መጥበቡ በስብ ክምችት ከሆነና ምልክት ከሌለው ሲጋራ ማቆም፣ ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን መቆጣጠር በቂ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ከበረታ ቧንቧው በፊኛና በስቴንት ይከፈታል፤ ወይም በቀዶ ሕክምና ለደሙ ሌላ መንገድ ይሠራለታል።

ድንገተኛ ከባድ የደረት ወይም የጀርባ ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የንግግር መያዝ፣ ወይም በድንገት የገረጣና የቀዘቀዘ ክንድ ከታየ ግን መለኪያው ይቀመጥ፤ በሽተኛው ሳይዘገይ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።