የተከሉትን መጠበቅ
ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለጉባኤ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ጥናት



በደጋው አገራችን ክረምት በገባ ቁጥር ወንዞቻችን ቀልተው ይወርዳሉ። የሚያቀላቸውም ከእርሻችንና ከተራቈተው ጋራችን ታጥቦ የሚሄደው አፈር ነው። አባቶቻችን እህል ያመረቱበት ይህ አፈር በዐባይ ወንዝ ተወስዶ ከጎረቤታችን ከሱዳን ሲደርስ ኖሮአል። በዚያም በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሮሴይረስ ግድብ ደለል እየሞላበት ውሃ የመያዝ ዐቅሙ ቀንሶ ነበር። ጋራው ዛፍና ሣር ቢለብስ ኖሮ ቅጠሉ የዝናቡን ኀይል ባበረደው፣ ሥሩም አፈሩን በያዘው ነበር።

ይህ የታወቀ ስለ ሆነ በየዓመቱ ችግኝ ይተከላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆአል። በየአካባቢውም የትምህርት ቤት ልጆች ወጥተው ይተክላሉ። ስለዚህ ዛሬ ልናጠናው የምንፈልገው ስለ መትከል ሳይሆን ከተከሉ በኋላ ስለሚቀረው ሥራ ነው።

1ኛ. ከራሳችን ጥፋት የተማርነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት አውራጃ የሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለችግኝ ተከላ ጠርቶን ነበር። ጊዜው ወርኀ ሐምሌ ስለ ነበረ ልጆቹ ከዕረፍታቸው ተጠርተው መጡ። ንግግር አደረግን፤ ጸለይንም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ችግኝ ተሰጠውና ሁሉም በደስታ ተክሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እኛም ሥራው የተፈጸመ መስሎን ተመለስን።

በጥር ወር በሌላ ጉዳይ ወደዚያ ስንሄድ ከተተከለው የሚበዛው ደርቆ፣ የቀረውም በፍየል ተግጦ አገኘነው። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ወደ እኛ ቀርባ አንድ ደረቅ ጭራሮ እያሳየችን፣ «አባባ፣ ይሄ የኔ ነው። አተካከሌ መጥፎ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችን።

የምንመልሰው ጠፋን። ጥፋቱ የእርስዋ አልነበረምና። ለተከላው ቀን ብቻ ተጨንቀን፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ጊዜ ምንም ያላሰብን እኛ ታላላቆቹ ነበርን። ልጂቱ ግን ጥፋቱን በራስዋ ላይ አደረገችው። ለደረቀው ችግኝ በሚመጣው ክረምት ምትክ ይገኝለታል፤ «እኔ የተከልሁት አይጸድቅም» ብሎ ያደገ ልጅ ግን ሁለተኛ ቢጠሩት በሙሉ ልቡ አይመጣም።

2ኛ. ሁለቱ አደራዎች

በኦሪት ዘፍጥረት በ2ኛው ምዕራፍ እንደምንማረው ለሰው የተሰጠው አደራ ሁለት ነው፤ ምድርን ማልማትና መጠበቅ። የፊተኛውን ሥራ ደስ ብሎን እንቀበለዋለን፤ ሕዝብ የሚሰበሰብበትና የሚታይ ሥራ ነውና። ሁለተኛው ግን በየካቲት ፀሓይ ጀሪካን ተሸክሞ መመላለስ ስለ ሆነ ተመልካች የለውም። በቋንቋችንም ችግኝ ተተከለ ማለትና ጸደቀ ማለት የተለያየ መሆኑን እናስተውል። የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም።

የጎረቤታችን የኬንያ ተወላጅ የሆኑት ወንጋሪ ማታይ ይህን በሚገባ አስተውለው ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ቀበቶ እንቅስቃሴ የተባለውን ማኅበር መሥርተው የገጠር ሴቶች ችግኝ እያፈሉ እንዲተክሉ አደረጉ። ለሴቶቹም ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር፤ የሚከፈለው ግን ተተክሎ በሕይወት ለቀረው ችግኝ ነበር። ስለዚህ ሥራ በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። እኛም ከእርሳቸው የምንማረው ይህ ነው፤ የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን መቍጠር።

3ኛ. ትምህርት ቤት ለመጠበቅ የተመቸ ስለ መሆኑ

አንዳንዶች፣ «ተከላው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ስለዚህ ለልጆች አይመችም» ይላሉ። ነገሩን ገልብጠን ብንመለከተው ግን ሌላ እናገኛለን። ችግኝ በክረምት ሰማይ ያጠጣዋል። የሰው እጅ የሚያስፈልገው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወራት ነው። በዚህም ወራት ልጆቹ በየቀኑ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይገኛሉ። እንግዲህ ዛፍ ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት የተሻለ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። ዝናብ ቀደም ብሎ በሚይዝበት አገር በሰኔ መጨረሻ፣ ልጆቹ ሳይበተኑ መትከል ይቻላል። በክረምቱም ወራት በአቅራቢያው የሚኖሩ ወላጆች ተራ ገብተው ከብት ይከላከላሉ።

4ኛ. የሥራው አካሄድ

ሀ. ጕድጓዱ ዝናቡ ሳይጠና አስቀድሞ ይቈፈር፤ ወርዱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው። መሬቱ ዘቅዛቃ ከሆነ ከችግኙ በታች በግማሽ ጨረቃ አምሳል አፈር ተከምሮ ውሃው እንዲቈም ይደረግ።

ለ. ዛፉ እንደ ስፍራው ይመረጥ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ማገዶና የቤት እንጨት ላጠረባት ለአዲስ አበባ ትልቅ ረዳት ሆኖአል። ዛሬም ለገበሬው ገንዘብ ነው። ነገር ግን ውሃ በብዛት ስለሚስብ በምንጭና በእርሻ አጠገብ አይተከል። ለትምህርት ቤት ግቢ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ጽድና ዝግባ ይስማማሉ። ዋንዛ ጥላው ሰፊ ነው፤ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፤ የሚረግፈው ቅጠሉም አፈሩን ያዳብራል።

ሐ. ችግኙ የፈላበት ፕላስቲክ ሳይወልቅ አይተከል፤ ሥሩን ያንቀዋልና። የወለቀውም ፕላስቲክ ተለቅሞ ይወሰድ። በሜዳ የተጣለ ፌስታል ላም ብትበላው ሆድዋን ዘግቶ ይገድላታል፤ በአፈርም ውስጥ ቢቀበር ቶሎ አይበሰብስም።

መ. ችግኙ በእሾህ ይታጠር፤ ዙሪያውም እርጥበቱ እንዳይተን ደረቅ ሣር ይጎዝጎዝለት። ልጆች እጃቸውን የታጠቡበት ውሃ በከንቱ አይፍሰስ፤ ወደ ችግኙ ይሂድ። ሃይላንድ እየተባለ የሚጠራው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑ በመርፌ ተበስቶ ከሥሩ አጠገብ ቢደፋ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥባል።

ሠ. አንድ ችግኝ ለሁለት ልጆች፣ ለታላቅና ለታናሽ ይሰጥ። ታላቁ ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ታናሹ ይረከባል። ክፍሉም መዝገብ ይኑረው፤ በመስከረም፣ በጥርና በሰኔ በሕይወት ያለው ተቈጥሮ ይጻፍ። የሞተውም አይደበቅ፤ ለምን እንደ ሞተ ልጆቹ ራሳቸው መርምረው ይጻፉ። ይህም ሂሳብና ሳይንስ የሚማሩበት ደብተር ይሆንላቸዋል። ሦስት በጋ ያለፈ ችግኝ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ራሱን ይችላል።

5ኛ. የዚያች ልጅ ነገር

ያችን ልጅ ይቅርታ ጠየቅናት። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርስዋ እንዳልሆነ በክፍል ጓደኞችዋ ፊት ነገርናት። በተከታዩ ሰኔ የዋንዛ ችግኝ ይዘን ሄድን፤ ጕድጓዱን ከአባትዋ ጋር ቈፍረን ከታናሽ ወንድምዋ ጋር ተከለችው። ከዚያ ወዲህ በኅዳር፣ በጥርና በሚያዝያ እየሄድን ከልጆቹ ጋር መቍጠር ልማዳችን ሆነ። በመጀመሪያው ዓመትም የደረቀ ነበረ፤ የእርስዋ ግን ጸደቀ። አሁን ቁመቱ ከእኛ በልጦአል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ በሚመጣው ክረምት ለተከላ ብንጠራ በደስታ እንሂድ። ከመሄዳችን በፊት ግን በጥር ወር ውሃ የሚያመላልሰው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። መልስ ካላገኘን ራሳችን መልስ እንሁን።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን በሚገኘው ትምህርት ቤት ባለፈው ክረምት ከተተከለው ስንቱ ጸድቆአል? ቈጥረን እናውቃለን?
2. በደረቅ ወራት ውሃ ከየት ይገኛል? ማንስ ተራ ይገባል?
3. ሥራው ሳይሳካ ቢቀር ልጆቻችን ጥፋቱን በራሳቸው ላይ እንዳያደርጉ ምን ልንላቸው ይገባናል?